ጉልበቴን ነው የሚያመኝ

ቀለበት ስጠብቅ የጉልበት ማሰሪያ ተሰጠኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ፍሬምናጦስ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ነድቶ መጥቶ፣ እኔ ከምኖርበት አፓርታማ ሥር ባለው ፓርኪንግ መኪናውን አቁሞ «ነይ ውረጂ፣ አንድ ነገር ይዤልሻለሁ» ብሎ ኮል አደረገልኝ። ገብቼ አጠገቡ ስቀመጥ ካርቶን ጭኔ ላይ አኖረ። ፊቱን አየሁት። ፍርሃት የተቀላቀለበት ኩራት ነበረበት። ሰው የሚወደውን ሰው ሊያስደስት ሲል እንዲህ ያለ ፊት ይኖረዋል። ልቤ ድንግጥ አለ። ካርቶኑ ለቀለበት በጣም ትልቅ መሆኑን ማስተዋል ነበረብኝ። አላስተዋልኩም። ከፈትኩት። ጥቁር፣ የሚለጠጥ፣ መሀሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ጨርቅ ወጣ።

«ምንድነው?»

«ለጉልበትሽ ነው።»

«ለምኔ?»

«ዙሌ፣ ግድ የለም» አለ እጄን ይዞ። «አላስጨንቅሽም። ስትፈልጊ ራስሽ ትነግሪኛለሽ።»

ወደ ጉልበቴ አየሁ። እሱም ወደ ጉልበቴ አየ። ምንም የሌለበት ጉልበት ነው።

«አንዱን ነው ወይስ ሁለቱንም?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምኑን?»

«የሚያምሽ።»

ያበደ መሰለኝ። «ስማ፣ ጂም ልሄድ ነው፤ ረፍዶብኛል» አልኩት። ጂም አልነበረም የምሄደው። እሱ ወደመጣበት ወደ ኦክላንድ ነበር የምሄደው፣ ይህን ግን ልነግረው አልችልም። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ጂም? በዚህ ጉልበት?»

ወርዶ ዞሮ በሩን ከፈተልኝና ክንዴን ደገፈኝ። ደግነቱ አበሳጨኝ። ለምን እንዳበሳጨኝ ግን አላወቅሁም፤ ደረጃውን እየዘለልኩ ስወጣ ከኋላዬ «ቀስ! ቀስ በይ!» ሲል ይሰማኝ ነበር።

ከዚህ በፊት የሆነውን በአጭሩ ልናገር፤ ማርዘም አልወድም። ዙሌይካ እባላለሁ። የሕክምና መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነኝ። ፍሬምናጦስ ሆስፒታል ውስጥ መተንፈስ ያቃታቸውን ሰዎች መሣሪያ ላይ አድርጎ የሚከታተል ቴራፒስት ነው። ስንዋደድ ሁለት ዓመት አልፎናል። በመካከላችን የስምንት ሰማንያ አውራ ጎዳና ትራፊክ አለ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለ፣ እናቱም አሉ። ከሦስቱ እናቱን አይቻቸው አላውቅም ነበር። የገና ሰሞን «እንጋባ» አለኝ። «ትንሽ ጠብቀኝ» አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ሃይማኖቱ ነው ብሎ እንዳሰበ አውቃለሁ፤ እንዲያስብም ተውኩት።

ሃይማኖቱ አልነበረም። ባለፈው መኸር ሐኪሜ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ ኦቫሪዬን አሳየችኝ። ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ነገሮች እንደ መቁጠሪያ ተደርድረውበታል። ሆርሞኔ ተዛብቷል፣ እንቁላል በጊዜው አይለቀቅም። መውለድ አትችይም አላለችኝም። «ሊያስቸግርሽ ይችላል» ነው ያለችው። «ይችላል» የሚለውን ቃል በሥራዬ በየቀኑ እጽፈዋለሁ። ለእኔ ሲነገረኝ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም ነበር።

ፍሬምናጦስ ደግሞ ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ከፊቱ ያለውን የማያውቀውን ሕፃን ሳያስቅ ሒሳብ የማይከፍል ሰው ነው።

ሐኪሟ ክኒን ሰጠችኝ፤ እውጣለሁ። ቀጥሎ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ኦክላንድ ውስጥ ወዳለች የቻይና ባህላዊ ሕክምና ባለሙያ ላከችኝ። ሐኪሜን ጠየቅኳት፣ «የምትወስጂውን ካሳወቅሽኝ አልቃወምም» አለች። ጥናቶቹን አነበብኩ። ማስረጃው ደካማ ነው። አንብቤ ስጨርስ ቀጠሮ ያዝኩ። ይህን የማደርግ ሰው መሆኔን እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር።

ክሊኒኩ ቻይናታውን ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ የተጠበሰ ዳክዬ ከሚሰቀልበት ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ዶክተር ሊያንግ ስልሳ ዓመት ያለፋት አጭር ሴት ናት። በሦስት ጣቶቿ መጀመሪያ አንዱን አንጓዬን፣ ቀጥላ ሌላውን ይዛ ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች። ምላሴን አውጪ ትላለች። ቀጥላ ማንም ሐኪም ጠይቆኝ የማያውቀውን ትጠይቃለች። እግርሽ ይቀዘቅዛል? ሕልም ታያለሽ? ቁርስሽን ቆመሽ ነው የምትበይው? «ኩላሊትሽ ደክሟል» ትለኛለች፣ እኔ የማውቀውን ኩላሊት ማለቷ ግን አይደለም። «ደምሽ ጎድሏል» ትላለች፣ እኔ የማውቀውን ደም ማለቷም አይደለም። ቃሎቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ ዐረፍተ ነገሩን ግን አላውቀውም። ከዚያ አስተኝታ ቀጫጭን መርፌዎች ትሰካብኛለች፤ ስወጣም የሚቀቀል ሥራ ሥር በከረጢት ታሲዘኛለች። ባለፈው ወር አበባዬ በጊዜው መጣ። ክኒኑ ይሁን፣ መርፌው ይሁን፣ ወይም እንዲሁ አጋጣሚ፣ ከአንድ ሰው ተነሥቶ መናገር አይቻልም። ያ አንድ ሰው እኔ ስሆን ግን ሽንት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እናቱን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነበር፣ ጾማቸው በገባ ሰሞን። አልጋ ላይ ተጋድሜ ሳለሁ ከመጋረጃው ማዶ አንድ ድምፅ ጮኸ።

«ስሚኝማ! ኧረ በእመብርሃን፣ ሴትዮ፣ ቀስ!»

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍሬምናጦስ መኪና ስፒከር ሲወጣ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ የሚጀምረው «ስማኝማ፣ ፍሬምዬ» ብሎ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ መጋረጃውን ገልጣ አየችኝ፤ ወደ ማዶም አየች። «አንድ ቋንቋ ናችሁ?» አለች። አይደለንም ማለት እችል ነበር።

«ነን» አልኩ።

እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ ከትራሳቸው ቀና ብለው ፊታቸው በራ። «ጎሽ! እግዜር ነው የላከሽ። ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?»

«ፀደይ።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ጸጉሬን ከስግደት ሰዓት ውጭ ስለማልሸፍን የሚያጠራጥራቸው ነገር አልነበረም። ከሚኖሩበት ከሄይዋርድ በባቡር መጥተው፣ በያዙት ጥቂት እንግሊዝኛ ሕመማቸውን ማስረዳት አቅቷቸው፣ ላብ በላብ ሆነዋል። አስተረጎምኩላቸው። እንዲህ አሉ፦ «ከደረቴ ይነሣና ፊቴን እሳት ይልሰኛል። ስተኛ ብርድ ልብሱን እወረውራለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል። ቅዳሴ መሀል ቆሜ ነጠላዬን አውልቄ ልጥለው ይቃጣኛል፤ ሰው ምን ይላል? ሌላም አለ። ግን አንቺ ልጅ ነሽ።»

«እትዬ፣ እኔን የውሃ ቧንቧ ነች ይበሉኝ፤ አሳልፋለሁ እንጂ አላስቀርም። ይናገሩ።»

ሳቁ። ነገሩኝም። ልጃቸው በሕይወቱ የማይሰማውን ነገር ሁሉ በአንዱ ጆሮዬ በአማርኛ ሰምቼ በአፌ በእንግሊዝኛ አወጣሁት። ዶክተር ሊያንግም ማረጥ በሽታ አለመሆኑን፣ ሙቀቱ ግን እንደሚረግብ ነገረቻቸው፤ እሱንም አስተረጎምኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የእኔን ሰዓት ጠብቀው ይመጡ ጀመር። መጋረጃው ለማስተርጎም ተገልጦ እንዲቆይ ተስማማን። ስለ ልጃቸውም ይነግሩኝ ነበር።

«አንድ ነው ያለኝ። መልካም ልጅ ነው፣ ምን ያደርጋል፣ እስላም ይዞ ቁጭ አለ።»

«ሙስሊም» ነው የሚባለው ለማለት አፌን በላኝ። ፀደይ ግን እንዲህ አትልም።

«እስላምነቷስ ይሁን፤ እሱን ከፈጣሪዬ ጋር እጨቃጨቅበታለሁ። እንጋባ ቢላት ጠብቀኝ አለችው! ምን አድርጎ ነው የሚጠብቃት? ባቡር ናት?»

ሳቅሁ። የምሰደበው እኔ ነኝ፣ የምስቀውም እኔ። ባቡር ጣቢያ ድረስ በመኪናዬ አደረስኳቸውና «ተባረኪ፣ የአንቺ ዓይነቷን ቢያመጣልኝ ምን ነበረበት» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ወደ ሳን ሆዜ የሚወስደኝን መንገድ ስቼ ሌላ ሠፈር ገባሁ።

ማሰሪያው በተሰጠኝ ቅዳሜ ክሊኒኩ ስደርስ ቀድመው መጥተው መጠበቂያው ወንበር ላይ ነበሩ። ቦርሳዬን ስከፍት የጉልበቱ ማሰሪያ ወጥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ምነው ልጄ? ጉልበትሽን ያምሻል እንዴ?»

«አያመኝም እትዬ። አንድ ሰው ነው የሰጠኝ። ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።»

ሳቃቸው መጣ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «የሚያመውማ የእኔ ጉልበት ነው!»

«የእርስዎ?»

«ለልጄ እንዲያ አልኩታ! ምን ልበለው? ወንድ ልጅ ነው፣ ይህን ይነግሩታል? ሥራ ሥሩን ምድጃ ላይ ጥጄ ሽታው ቤቱን ሞልቶት ደረሰ። እማዬ ምንድነው? አለኝ። ለጉልበቴ ነው፣ ቻይኖቹ ለጉልበት የሚሰጡት ነው አልኩት። ከረጢቱን እያገላበጠ አየው፣ ቀዩን ማህተም ሳይቀር። ሐኪም ቤት ነው የሚሠራው፤ ነገር መመርመር ይወዳል።»

ቡናማ የወረቀት ከረጢት፣ ቀይ ማህተም ያለበት። መኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ሁልጊዜ አንድ ይቀመጣል። በቀደም ፍሬምናጦስ ጃኬቱን ሊያነሣ ዞሮ ዝም ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ነው ቦርሳዬን የሚሸከመው፣ ሊፍት የሚፈልገው፣ ሌክ ሜሪት የሚባለው የኦክላንድ ሐይቅ ዳር ስንራመድ ገና ሳንጀምረው «ይበቃናል፣ እንቀመጥ» የሚለው። እኔ ደግሞ ሰለቸሁት ብዬ ነበር። አብሮኝ መራመድ የታከተው መስሎኝ ማታ ማታ ግድግዳ እያየሁ አድር ነበር።

መሳቅ ጀመርኩ፤ መሀል ላይ ግን ሳቁ ተቋረጠብኝ። የደበቅሁትን ነገር በዓይኑ አይቶታል። አልበረበረኝም። የምለውን እስክል ጠብቆ፣ አንዱን ነው ወይስ ሁለቱንም ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም ነበር።

ዶክተር ሊያንግ ሁለታችንንም አስተኝታ ጀመረች። ወይዘሮ ሸዋረጋ ከግንባራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው መርፌ ተሰካላቸው፤ እኔም ሆዴና እግሬ ላይ። መጋረጃው ተገልጧል።

«ጠይቂልኝማ ፀደይ፣ ያ ጥቁሩ፣ በሙቅ ውሃ የማሟሟው አለቀብኝ። ለዘማሪዋ ለስንታየሁም ሰጠኋት፣ እሷም እንደኔው ናት። ከየት ነው የሚገዛው?»

ያንን ጥቁር ነገር አስታውሳለሁ። መጀመሪያ ሲታዘዝላቸው ዶክተሯ «ጄላቲን» አለች፤ እኔ ለስብሰባ ቸኩዬ ነበርና «ሙጫ ነገር ነው፣ ደም ይሞላል» ብዬ አለፍኩት። «ጾም አያስገድፍም?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «አይመስለኝም» አልኳቸው። ሳላጣራ። በሥራዬ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ቢያደርግ እጮህበታለሁ።

ጠየቅሁላቸው። ዶክተር ሊያንግ ደስ አላት። «ከታች ካለው ሱቅ ይግዙ፣ ሌላ ቦታ ሐሰተኛውን ይሸጡላቸዋል። እውነተኛው ከአህያ ቆዳ ብቻ ነው የሚሠራው። ባለፈው ላንቺም ጨምሬልሻለሁ።»

ኮርኒሱን አየሁ።

«ምን አለች?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ።

ውሸቱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ታች ሱቅ አለ አለች፣ በቃ። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይታመምም፤ ስንታየሁም እየዘመረች ትኖራለች። ነገር ግን በአንድ ውሸት ላይ ተኝቼ ሌላ ልጨምርበት ሆነና ደከመኝ። ጀግንነት አልነበረም። ደከመኝ እንጂ።

«እትዬ ሸዋረጋ፣ አህያ ነው።»

«ማነው አህያ?»

«የሚጠጡት። ጥቁሩ። ከአህያ ቆዳ ነው የሚሠራው።»

ሊነሡ ተፍገመገሙ። ዶክተር ሊያንግ ትከሻቸውን ይዛ «ኖ ሙቭ! ኖ ሙቭ!» አለች።

«አህያ! በዐቢይ ጾም! አህያ! ኧረ እኔ ቆራቢ ነኝ! ስንታየሁን! ስንታየሁን አበላኋት!»

«ጣዕሙን አልወደዱትም?» አለችኝ ዶክተሯ ግራ ተጋብታ። በእኛ ዘንድ እንደማይበላ ነገርኳት። ከልቧ አዘነች፤ በሌላ እንደምትቀይረው ተናገረች። ከዚያ «አሁን ዕረፍት። ወሬ የለም» ብላ መብራቱን ቀንሳ በሩን ዘግታ ወጣች።

እኔና የፍሬምናጦስ እናት ጎን ለጎን ተሰክተን ቀረን። መንቀሳቀስ አይቻልም፤ መውጣትም አይቻልም። ከታች የዳክዬው ጥብስ ሽታ ይመጣል።

«አንቺም በልተሻል?» አሉኝ።

«በልቻለሁ። ለእኛም ሐራም ነው።»

«ለእናንተ? እናንተ እነማን ናችሁ?»

ልብ ብሎ የሚሰማ ሰው አጠገብ መዋሸት ከባድ ነው። «ስሜ ፀደይ አይደለም» አልኩ ወደ ኮርኒሱ። «ዙሌይካ ነው።»

  አንገቴን ማዞር ፈራሁ፤ ፊታቸውን ማየት ከማልችልበት ቦታ ላይ በመተኛቴ አመሰገንኩ።

«ያን ሁሉ ጉዴን» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «ያን ሁሉ ጉዴን ለልጄ ሚስት ነው ያወራሁት?»

«ሚስቱ አይደለሁም።»

«ዝም በይ!»

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ነግረሽዋል?»

«ምንም አልነገርኩትም። እኔ እዚህ እንደምመጣም አያውቅም። ከረጢቱን መኪናዬ ውስጥ አይቶ እኔንም ጉልበቴን የሚያመኝ መሰለው። ማሰሪያውን እሱ ነው የገዛልኝ።»

ከጎኔ ድምፅ ተሰማ፤ ልቅሶ መስሎኝ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ። ግንባራቸው ላይ ያለችው መርፌ ትንቀጠቀጣለች። እየሳቁ ነበር። «የኔ ጅል» አሉ። «የኔ ጅል፣ የኔ ሆድ።» ሳቁ እንደመጣ ቆመ።

«አንቺስ ለምንድነው የምትመጪው? እውነቱን። ለጉልበት እንዳትይኝ።»

«እንቁላሌ በጊዜው አይመጣም። ልጅ መውለድ ሊያስቸግረኝ ይችላል። ጠብቀኝ ያልኩት ለዚህ ነው እንጂ» አልኩ፣ «ባቡር ሆኜ አይደለም።»

እናት በእንዲህ ያለ ጊዜ የምትለውን ነገር ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እግዜር ያውቃል፣ ወይም አይዞሽ። አላሉም። 

«ያወራሁሽን ሁሉ እርሺው» አሉ።

«እሺ።»

«አህያውንም።»

«እሺ።»

«የራስሽን ግን ንገሪው። እኔ አልነግርልሽም፤ ከጠየቀኝም አልደብቅልሽም። አንድ ልጄ ነው። የልጅ ልጅ እፈልጋለሁ፤ አልፈልግም ብዬ አልዋሽሽም። ውሸት በቅቶናል።»

ዶክተር ሊያንግ ገብታ መርፌዎቹን ነቀለች። ወይዘሮ ሸዋረጋ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጫማቸውን አደረጉ፣ ነጠላቸውን ደረቡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ አልዞሩም።

«ዝም ብትይኝ ኖሮ አላውቅም ነበር» አሉና ሄዱ።

ወቀሳ ይሁን ምስጋና መለየት አልቻልኩም። በመኪናዬ እንዳደርሳቸው አልጠበቁኝም። ያቺ መንገድ ብቻዬን ስሄዳት እንዲህ ባዶ እንደምትሆን ማን ይገምታል?

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ፍሬምናጦስ ሊወስደኝ መጣ። ካስትሮ ቫሊ አንድ ጓደኛው ቤት ልንሄድ ነበር። መኪናው ስምንት ሰማንያ ላይ እንደወጣ ማሰሪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ጉልበቴ ደህና ነው» አልኩ።

«ተመስገን! ሠራ ማለት ነው?»

«አልሠራም። መጀመሪያውኑ ደህና ነበር።»

ነገርኩት። ሪፖርት እንደማቀርብ፣ ሳልቆም፣ ፊት ለፊት ያለውን መንገድ እያየሁ። ሆርሞኑን፣ ክኒኑን፣ መርፌውን፣ «ይችላል» የሚለውን ቃል። ስናገር ድምፄ እንዳይሰበር የተጠነቀቅሁትን ያህል ለምንም ነገር ተጠንቅቄ አላውቅም። ጨርሼ ጠበቅሁ። ወደ ካስትሮ ቫሊ የሚያስወጣው ኤግዚት አጠገባችን አለፈ። አላየውም።

«ትሞቻለሽ?» አለ።

«ምን? አልሞትም።»

«ያምሻል?»

«አንዳንዴ።»

«ከመኸር ጀምሮ» አለ። «ከመኸር ጀምሮ ብቻሽን?» መሪውን በመዳፉ መታ። «የእኔ ሥራ እኮ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ማወቅ ነው። ማሽኑ ሳይጮህ በፊት ከፊቱ አይቼ አውቃለሁ። አንቺን አጠገቤ አስቀምጬ ጉልበት ነው አልኩ። ጉልበት!»

«ልጅ ትፈልጋለህ» አልኩት። ጥያቄ አልነበረም።

«እፈልጋለሁ።»

ስላልዋሸኝ ደስ አለኝ፤ ባለመዋሸቱም አመመኝ። ሁለቱ እንዴት በአንድ ጊዜ እንደሚሆኑ የሚያስረዳኝ ቀመር የለኝም።

«አንቺንም ጠይቄሻለሁ» አለ። «ለየብቻ ነው የማስባቸው፣ ዙሌ። ልጅ እፈልጋለሁ። አንቺን ግን ልጅ ትወልጂ እንደሆነ ብዬ አልጠየቅሁሽም። አሁንም ልጠብቅ?»

ማሰሪያውን ጭኔ ላይ አጣጠፍኩ። እሱም አልገፋኝም። ትንሽ ነዳና ግንባሩን ቋጠረ።

«ቆይ። እማዬ ጋ ያለው ከረጢት ከአንቺው ጋር አንድ ነው። ማህተሙም አንድ ነው። እሷ ታዲያ... ምኗን ነው?»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እርሺው ተብያለሁ፤ እሺም ብያለሁ። ውሸት በቅቶናል ተብያለሁም። ሁለቱንም የተናገሩት አንድ ሰው ናቸው። እኔ እንግዲህ የቱን ልስማ?

«እሳቸውማ» አልኩ፣ «ጉልበታቸውን ነው።»

ስልኩ ጠራ። ልማዱ ነው፣ ስፒከር ላይ አደረገው።

«ስማኝማ፣ ፍሬምዬ። ብቻህን ነህ?»

ወደ እኔ አየ። «አይደለሁም እማዬ።»



«እንግዲያው ይዘሃት ና» አሉ። «ምስር ሠርቻለሁ፣ ጎመን አለ። ጾም ስለሆነ ሥጋ ቤት ውስጥ የለም። ማን ባረከው፣ ማን አረደው የሚባል ነገር የለም፤ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ፋሲካ ከሆነ በኋላ ስለ ቢላዋው እንጣላለን፣ አሁን ግን እንብላ።»

ፍሬምናጦስ የስፒከሩን ድምፅ ከፍ አደረገ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ግብዣ ሲለምን ኖሯል።

«ደግሞ ደረጃው ላይ ደግፋት» አሉ። «ጉልበቷን ያማታል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ! እኔም የሚያመኝ ሰው ነኝ፣ አውቀዋለሁ። በል ቶሎ ና፣ ይቀዘቅዛል።»

ዘጉት።

ፍሬምናጦስ ሄይዋርድ የሚያስገባውን መስመር ያዘና አንዴ እኔን፣ አንዴ መንገዱን አየ። «እንዴት አወቀች? ዙሌ፣ እማዬ እንዴት አወቀች?»

ማሰሪያውን አነሣሁ። ጂንሴ ላይ፣ ቀኝ ጉልበቴን አቅፌ ማጥበቂያዎቹን ስቤ አሰርኩት።

«አትጠብቅ» አልኩት።

«ምን ማለት ነው?»

«እሺ ማለት ነው።»

ይህን ያስባለኝ የእሱ እውነት ይሁን፣ የእናቱ ምስር ይሁን፣ ወይም ፍርሃት መሰልቸቴ፣ ለይቼ አላውቀውም። እጁን ከመሪው አንሥቶ ማሰሪያው ላይ አሳረፈ። ጉልበቴ ጤነኛ ነው፤ ከእሱ መዳፍ ሥር ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ እኔም ላስቆመው አልቻልኩም።